ጾማችሁ እስኪገባ እጠብቃለሁ

የጋሽ ሰይድ መሞት በስልክ ሲነገረኝ፣ የራሳቸው ስልክ እኔ ቤት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። የደወለልኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አዳሙ ነው። ጠዋት ሊጠይቃቸው ሆስፒታል ሄዶ አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘው። «ጥሩዬ፣ ጋሼ አረፉ እኮ» አለኝ። እኔ የሳቸውን ስልክ አየሁት። ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረ፣ ቁልፎቹ የተፋቁ አሮጌ ስልክ ነው። ባትሪው ሞልቷል። «ሞልተሽ አምጪልኝ» ብለው ነበር የሰጡኝ። ሞላሁት፤ የሚቀበለኝ ግን ጠፋ።

ጋሽ ሰይድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ እኔ ባዮሎጂ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከወሎ መጥተው ነው እዚሁ የቀሩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ሰው ሲጨብጡ በሁለት እጃቸው ነው፤ ጨብጠውም ቶሎ አይለቁም፤ ክፍለ ጊዜ የረፈደበት መምህር እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ከተማው የሚያውቃቸው «ያ የተጠረጠረው» በሚለው ስም ነው። ሶማሊያ ውስጥ በሃይማኖት ስም ከሚዋጋ የታጠቀ ቡድን ጋር ግንኙነት አላቸው ተብለው ታስረው፣ ተፈተው የመጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገር ያልተወራ የለም። እኔ የማወራው የማውቀውን ነው፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

የማውቃቸው ከትሪ ላይ ነው። እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፣ ይዋደዳል፣ ይለቃቀሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ገበታው ለየብቻ ነው። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። የጾም ምግብ ግን የሁሉም ነው። ሽሮን ማን ባረከው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመምህራኑ መሃል ሙስሊሙ ጋሽ ሰይድ ብቻ ስለነበሩ፣ እኛ በፍስኩ ቀን ክትፎና ጥብስ ስናዝ እሳቸው ጥግ ይዘው እንቁላል ይበሉ ነበር። ረቡዕ ሲሆን ግን ከኛው ትሪ ላይ ናቸው። ዓርብ ወደ መስጊድ ስለሚሄዱ ረቡዕ የኛ ቀን ነበረች።

የምንበላው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እትዬ የሺ ቤት ነው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ተሰብስበን እንሄዳለን፤ እትዬ የሺ በሰፊው ትሪ ሽሮ፣ ድንች ወጥና ጎመን ታቀርብልናለች። ጋሽ ሰይድ ስንግ ቃሪያ ይወዳሉ፤ ግን አንድም ቀን መጀመሪያ አንሥተው አያውቁም። ወደ አንዱ ይገፉታል፣ ያ ሰውዬ ወደ ሌላው ይገፋል፣ ቃሪያው ትሪውን ዞሮ እሳቸው ጋ ሲመለስ «እንግዲህ እምቢ ካላችሁ» ብለው ይበሉታል። ሁዳዴ ሲገባማ ሰርግ የተጠሩ ነበር የሚመስሉት። እኛ የቅበላው ሥጋ ገና ከጥርሳችን ሳይለቅ ፊታችንን አጥቁረን ስንመጣ፣ እሳቸው እጃቸውን እያፋተጉ «እንኳን ጾማችሁ ገባልኝ!» ይላሉ።

የሒሳብ መምህሩ መኳንንት ይህችን ሲሰማ ዝም አይልም። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከቄሱ በላይ ጾሙን ይወዱታል» ይላቸዋል።

«ቄሱ ብቻውን አይበላማ» ይላሉ።

እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም። ሚስታቸው ገና በወጣትነቷ ሞታባቸዋለች። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥ የነበራቸው ሰው የሟች ወንድማቸው ልጅ ኑረዲን ብቻ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ኑረዲን «አባ» ይላቸዋል። እኔም አስተምሬዋለሁ። ተማሪ ሆኖ ከሁሉ የማስታውስበት ነገር፣ እንቁራሪት ቀደን የውስጥ አካሏን በምናይበት ቀን ፊቱ ገርጥቶ ከክፍል መውጣቱ ነው። ውጭ ወጥቼ ባየው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። «ሞታለች እኮ፣ አያማትም» ስለው፣ «ሆዷን ስትከፍቷት እጇ እንደ ሰው እጅ ነው ቲቸር» አለኝ። ይህ ልጅ ነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ጅጅጋ ሥራ አገኘሁ ብሎ፣ ከዚያም ድምፁ የጠፋው። ከነዚያ ታጣቂዎች ጋር ነው መባሉን ስሰማ መጀመሪያ የታየችኝ ያቺ እንቁራሪት ናት።

ጋሽ ሰይድ ሌላም ሥራ ነበራቸው። የክርስቲያን ሰርግ ሲሆን ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው በግ ይታረዳል፤ የኛን የመምህራኑን ሰርግ የሙስሊም በግ ያረዱት ሁሌም እሳቸው ናቸው። በነጭ ጨርቅ የሚጠቀልሏት ቢላ ነበረቻቸው። በጉን አስተኝተው፣ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ቢስሚላህ ብለው ባንድ ጊዜ ይጨርሳሉ፤ ቢላዋን በጉ እንዳያያት ከኋላቸው ነው የሚይዟት። የመኳንንት ሰርግ ላይም ያረዱት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው በነጠላ ጫማ እየሮጠ ሄዶ ጓሮ ድረስ ሲያመሰግናቸው አይቻለሁ።

የተያዙት እያስተማሩ ነው። ሲቪል የለበሱ ሰዎች ክፍል በር ላይ ቆሙ። እሳቸው የአፍሪካ ቀንድን ካርታ ሰሌዳው ላይ እየሳሉ ነበር። ጠመኔውን ሳጥኑ ውስጥ መለሱ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ ወደ ልጆቹ ዞረው «የቤት ሥራው እንዳለ ነው» አሉና ወጡ። ከቤታቸው ስልካቸው፣ ቢላዋና ግድግዳ ላይ የነበረው ካርታ ተወሰደ። የጂኦግራፊ መምህር ቤት ካርታ ተገኘ ተብሎ ከተማው ተገረመ! የኔ ቤት ቢፈተሽ የሰው አፅም ሥዕል ስለሚገኝ ምን ሊባል እንደነበር እንጃ። ስልኩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። የሶማሊያ ኮድ ካለው ቁጥር ጥሪ ተመዝግቦበታል።

ከዓመት በላይ አዲስ አበባ ታስረው ቆዩ። ከዚያ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ተብሎ ተፈቱ። ይህችን «በቂ» የምትባል ቃል እንደኛ መምህራን ማረፊያ የተነተናት ፍርድ ቤት ያለ አይመስለኝም። «በቂ አልተገኘም አሉ እንጂ የለም አላሉም» ይላል አንዱ። «ትንሽ አለ ማለት ነዋ» ይላል ሌላው። መኳንንት አይናገርም ነበር። ለጋሽ ሰይድ አዘውትሮ ይደውል ስለነበር እሱም ተጠርቶ፣ ሲጠየቅ ውሎ ተመልሷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ በጠራ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ሆነ። አልፈርድበትም፤ ትንንሽ ልጆች አሉት።

ሲመለሱ ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ አብሮ የሚበላበት ቀን የለም ማለት ነው። ሰው መንገድ ተሳስቶ ይመጣል፣ እሳቸው ወቅት ተሳስተው መጡ። መምህራኑ ተሰብስበን እንኳን ደህና መጡ እንበላቸው ተባለና በግ ተገዛ። ግን ማን ይረድ? መስጊድ አካባቢ የተጠየቁት ሰዎች በትሕትና «አይመቸንም» አሉ። ይሄኔ አንዱ ብልጥ «እሳቸው ራሳቸው ይረዱታ!» አለ፤ ሁላችንም ተስማማን። እንግዳን የራሱን መቀበያ በግ ማሳረድ እኛን የመሰለ ሰው ብቻ የሚያስበው ነገር ነው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ቆምን። ጋሽ ሰይድ በጣም ከስተዋል። በጉን አዩት፣ ደስ ብሏቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ቢላዬ ኤግዚቢት ሆና ቀርታለች» ብለው ሳቁ። ከእትዬ የሺ ቤት ቢላ መጣላቸው። ቢላው እጃቸው ሲገባ ግቢው ጸጥ አለ።  ከፊት ያለው ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ እሱ ሲሸሽ ከኋላው ያለውም ሸሸ። አንዷ አዲስ መምህርት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። ከዚያ በፊት ይህን ሰው ቢላ ይዞ ስንት ሰርግ ላይ እንዳየነው ያስታወሰ አልነበረም።

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ቢላውን ስለቱን ወደ ራሳቸው አዙረው ሣሩ ላይ አስቀመጡት።

«ተዉት፣ ይኑር» አሉ። «የሰኔ ጾም ደርሷል አይደል? ጾማችሁ እስኪገባ እጠብቃለሁ።»

በጉን በማግስቱ መምህራኑ ገበያ ወስደው መልሰው ሸጡት። ጋሽ ሰይድ ከዚያ ወዲህ ቢላ ሲይዙ አላየሁም፤ ሥጋም ሲበሉ አላየሁም። ሥጋ የማይበሉት አስቀይመናቸው እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ «አይ፣ ለየብቻ የሚበላ ነገር ሰለቸኝ» ነበር ያሉኝ።

የሰኔ ጾም ገባና የመጀመሪያዋ ረቡዕ መጣች። እትዬ የሺ ትሪውን ወልውላ ጠበቀችን። ሁሉም መጣ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ሰይድ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጡ። አሮጌ የሰው ስልክ ነው የገዙት፤ ቁጥሩ ግን የድሮው ነው። ከእስር እንደመጡ ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣታቸው በፊት ቴሌ ተሰልፈው ያንኑ ቁጥር መልሰው አስወጥተዋል። ቃሪያው ትሪውን መዞር ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ።

ሁላችንም እጃችን እንጀራው ላይ ቀረ። ጋሽ ሰይድ ስልኩን አንሥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። «ሃሎ? ሃሎ?» አሉ። የቁጥር ስህተት ነው፤ አንድ ሰውዬ የባጃጅ ጎማ ይጠይቃል። «የለኝም ወንድሜ» ብለው ዘጉት። እኔ ሳቅሁ፤ ሌላ የሳቀ የለም።

መኳንንት እጁን ታጥቦ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር እንለምንዎ» አለ። «ይሄን ቁጥር ይቀይሩት። አዲስ ሲም ካርድ እኔ አወጣልዎታለሁ። ከዚያ ያው እንደ ድሯችን ነን።»

«ልጁ ሌላ ቁጥር አያውቅም» አሉ።

«እሱማ ነው ችግሩ!»

«ቤት ቢመጣ አከራዬ አስወጥታኛለች፣ የነበርኩበት የለሁም። የሚያገኘኝ በዚች ብቻ ነው። ብቀይራት ሞትኩበት ማለት እኮ ነው፣ መኳንንት።»

«እሱ ቢደውል ግን እርስዎ ብቻ አይደሉም የሚጠየቁት። አብሮ የሚበላው ሁሉ ነው። ልጆች አሉን ጋሼ።» መኳንንት ይህን ሲል ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እውነትህን ነው» አሉ። «እኔም ልጅ አለኝ። ብትርቁኝ አልቀየማችሁም። ቁጥሩን ግን አልቀይረውም።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ሌሎቹ በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ተዛወሩ። አልተጣሉም፤ ሲገቡ ሰላም ይላሉ፣ ሲወጡ ደህና ዋሉ ይላሉ። እኔ ከሳቸው ጋር ቀረሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ ጀግና የሚባል ነገር በኛ ቤት የለም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ልጆችሽን ማን እንዲያሳድግልሽ ነው?» እያለች በየረቡዑ ታለቅስብኝ ነበር። ግን ያንን ትልቅ ትሪ ብቻቸውን ሲያዩት የሚያሳዩትን ፊት ትቼ የትም ብሄድ ምግቡ አይወርድልኝም። እትዬ የሺ ትሪውን በትንሹ እንድትቀይረው ብነግራት «በምን አንጀቴ» አለችኝ። ሁለት ሰው በዚያ ትሪ ሲበላ ዳር ዳሩ ባዶ ነው። ቃሪያው እንኳ ዞሮ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም።

«የራስዎ ሰዎችስ?» ብያቸው አውቃለሁ አንድ ቀን።

«መስጊድ? አብሽሪ፣ አይከለክሉኝም። ስንሰግድ ትከሻ ለትከሻ ነን፣ ያ ግዴታ ነው። ሰላቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ጫማውን ለመፈለግ ይቸኩላል።» ፈገግ አሉ። «እነሱም ፈርተው ነው። ጥቂት ሆነው ነው የሚኖሩት። እኔ አንዱን ባቅፈው ነገ እሱ ሊጠየቅ ነው።»

ስለ ጥሪውም ጠይቄያቸዋለሁ። አልዋሹኝም። ኑረዲን ከመያዛቸው በፊት ደውሏል። «አባ፣ ደህና ነኝ» ብሎ፣ ሌላም ነገር ብሎ፣ ተቋርጧል። ሌላውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጎተጎትኩም። ጥሪውን ለመንግሥት አላሳወቁም። «ልጄን በእጄ አልጠቁምም ብዬ ዝም አልኩ። ከነዚያ ጋር መሆኑን ስሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ልጄን ሰርቀውኛል፤ እጁንም በደም አስነክረውታል ይሆናል። ግን ዝም አልኩ» አሉ። ይህ ጥፋት ነው? ነው። 

«ስልኩ ሲጠራ እፈራለሁ፣ ጥሩዬ። ሳይጠራ ሲውል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።»

«ቢደውልስ ምን ይሉታል?»

እንጀራውን ቆርሰው ያዙት እንጂ አልበሉትም። «መጀመሪያ በልተሃል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። ከዚያ እጅህን ስጥ፣ እኔም አብሬህ እገባለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ እለዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አገሩ ታመሰ፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ዘመን መጣ። ቀናት አልፎም ሳምንታት ስልክ የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ ተቸግሯል፤ እሳቸው ግን ትንፋሽ ያጠራቸው ያህል ነበር የሚሆኑት። ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ባሕር ዛፍ ያለበት ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ አልፎ አልፎ ኔትወርክ ብልጭ ይላል ስለተባለ በየቀኑ ከክፍል በኋላ ይወጡ ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚመጣው ነፋስ ኮታቸውን እያራገበው፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዘው ቆመው ከመምህራን ማረፊያ መስኮት ይታዩናል። «ይኸው፣ ለማን ነው ምልክት የሚሰጠው?» ይል ነበር ሰው። እኔ በበኩሌ እንደዚያ ብቻውን የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። ዛፎቹ እንኳ ተጠጋግተው ነው የበቀሉት።

ባለፈው ሁዳዴ ረመዳንና የኛ ጾም ገጠሙ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ እንደ ድሯቸው እጃቸውን አፋተጉ። እሳቸው እስከ መግሪብ አይቀምሱም፤ እኔ ጾሜን የምፈታው ቀደም ብዬ ነው። በመጀመሪያዋ ረቡዕ እጠብቅዎታለሁ አልኳቸው። እትዬ የሺም ቤቷን ሳትዘጋ ጠበቀችን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተምሩን በእጃቸው ይዘው መስኮቱን ያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ርቦኝ እሳቸውን አያለሁ። አዛኑ ሲሰማ አንዷን ተምር ለኔ ሰጡኝ። «ዛሬ ሁለታችንም ጾመኛ ነን። ማንም ማንንም አልጠበቀም» አሉኝ። ያን ቀን ቃሪያውን መጀመሪያ እሳቸው አነሡት። ከዚያ በፊት አድርገውት አያውቁም።

በሳምንቱ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ። ጉብታው ላይ ደብድቧቸው ወረዱ፤ አዳሙ ጋቢውን አልብሶ ቤታቸው አደረሳቸው። ሳንባቸው ተመታና ሆስፒታል ተኙ። ስጠይቃቸው ትንፋሻቸው ያቃስታል፤ የሚያሳስባቸው ግን የአልጋቸው ሶኬት አለመሥራቱ ነው። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፏቸው። «ሞልተሽ አምጪልኝ። እስከዚያ ቢጠራ አንሺው። የምትይውን ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ያ ነው የመጨረሻው።

የተቀበሩት በዕለቱ ነው፤ ሙስሊሙ አያሳድርም። ጫማቸውን ለመፈለግ ይቸኩሉ የነበሩት ሁሉ መጡ፤ አጠቡ፣ ከፈኑ፣ ሰገዱ። የሞተ ሰው አይጠየቅም፣ አይጠረጠርም፣ አብሮት መቆምም አያስፈራም። እንዲህ ማሰቤ ክፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተናድጄ ነበር። እኛም መምህራኑ በሙሉ ሄድን። ቃሬዛውን ሰው እየተቀባበለ ይሸከማል፤ መኳንንት ተራው ደርሶ ትከሻውን ከሰጠ በኋላ ግን ለማንም አልለቅም አለ። ሊቀበሉት የሚመጡትን በራሱ እየነቀነቀ ይመልሳቸዋል። እስከ መቃብሩ ድረስ ሳይለቅ ተሸከመ። ሲያስቀምጡ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ያለው ላብ ብቻ አልነበረም።

ስልኩ እኔ ጋ ቀረ። ለማን እሰጠዋለሁ? ወሎ ያሉት ዘመዶቻቸው አንፈልገውም አሉ። ለፖሊስ አስረክቢ ያሉኝ አሉ፤ አጥፊውና ጣይው ያሉኝም አሉ፤ እናቴ ሁለቱንም ብላለች። እኔ ልጁን ለመደበቅ አይደለም የያዝኩት። እሳቸው የሚሉትን እንድለው ነው፤ በልተሃል ወይ ብዬ ጠይቄው፣ እጅህን ስጥ እንድለው፣ አብሮህ የሚገባው ሰው ግን ሞቷል እንድለው። ይህን ከማንም ሳይሰማ እንዲቀር አልፈለግኩም።

ከቀብሩ በኋላ በመጣችው ረቡዕ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ሞልቷል። እኔ የድሮው ቦታችን ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩና ስልኩን ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ አኖርኩት። እትዬ የሺ ሳታስበው ያንኑ ትልቁን ትሪ አቀረበች፤ አይታው ደነገጠች፤ ልትመልሰው ስትል ተይው አልኳት። እንጀራውን ቆርሼ መጉረስ አቃተኝ። ያን ቀን እሳቸው ስንት ረቡዕ ምን እንደዋጡ ገባኝ።

መኳንንት ከዚያኛው ጠረጴዛ ተነሣ። እጁን ገና አልታጠበም፤ ሳይበላ ሊወጣ ነው አልኩ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆሞ ስልኩን አየው።

«ያ ነው?» አለ።

«ያ ነው።»

«ጠርቶ ያውቃል?»

«እስካሁን አልጠራም።»

ሄደ። የእጅ መታጠቢያው ጋ ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። ተመልሶ መጣና ከጋሽ ሰይድ ወንበር ጎን ያለውን፣ የራሱን የድሮ ቦታ ስቦ ተቀመጠ። ቃሪያውን አንሥቶ ወደኔ ገፋው። እኔም መልሼ ገፋሁት። ከኋላው ሌሎቹ ወንበር ሲያንቀሳቅሱ ተሰማኝ፤ ሊወጡ ይሁን ሊመጡ ዞሬ አላየሁም። መኳንንት እንጀራ ቆረሰ፣ ወጡን አጠቀሰ፣ ሳይጎርሰው ቆየና ስልኩን እንደገና አየው።

«ቻርጅ አለው?» አለኝ።